አያት ስታስተምር፦ የማኦሪ ቋንቋ በትምህርት እንዴት አንሰራራ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማኦሪ ቋንቋ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የማኦሪ ስሞችን ደግሞ ከድምፃቸው በተቻለኝ መጠን አቀራርቤ ጽፌያለሁ። ማኦሪ ረጅምና አጭር አናባቢ ይለያል፤ ፊደላችን ግን ያን አያሳይም። እንግዲህ እንደ ነገሩ ነው።

ማኦሪዎች እነማን ናቸው? ቋንቋቸውስ?

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ናቸው። አገሪቱን አኦቴአሮአ ይሏታል። ቅድመ አያቶቻቸው ከፖሊኔዥያ ደሴቶች በታንኳ ውቅያኖስ አቋርጠው ነው የመጡት። ቋንቋቸው ቴ ሬኦ ማኦሪ ይባላል። “ሬኦ” ድምፅም ነው፣ ልሳንም ነው። ለታሂቲና ለሃዋይ ቋንቋዎች ዘመድ ነው። በ2023ቱ ቆጠራ አምስት ሚሊዮን ከሚጠጋው ሕዝብ ውስጥ 887,000 ያህሉ ማኦሪ ነን ብለዋል።

ቋንቋው እንዴት ሊጠፋ ደረሰ?

ይሄ ረጅም መልስ አለው።

በ1840 የእንግሊዝ ዘውድና የማኦሪ አለቆች በዋይታንጊ ውል ተፈራረሙ። በማኦሪኛው ቅጂ ላይ ዘውዱ የማኦሪዎችን “ታኦንጋ” እንደሚጠብቅ ተጽፏል። ታኦንጋ ማለት ውድ ሀብት፣ ቅርስ ማለት ነው። ይህችን ቃል ያዟት፤ ከ145 ዓመት በኋላ ትመለሳለች።

በ1867 መንግሥት ለማኦሪ መንደሮች ትምህርት ቤት የሚከፍት ሕግ አወጣ። መሬቱን መንደሩ ይሰጣል፣ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ማኦሪኛ መርጃ ሆኖ ይገባ ነበር። እየቆየ ግን ከግቢው ተባረረ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልጆች በትምህርት ቤት ማኦሪኛ ተናገራችሁ ተብለው ይገረፉ ነበር።

ሰር ጄምስ ሄናሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማኦሪ ሻለቃን የመሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በ1985 በአንድ የሕግ መድረክ ቀርበው የልጅነታቸውን ተናገሩ። ማኦሪኛ ሲናገሩ ስለተያዙ ወደ ጫካ ተልከው የሐረግ አርጩሜ ቆርጠው እንዲያመጡ ተደረጉ። በዚያው በራሳቸው አርጩሜ ተገረፉ። የኔታ ዘንድ ለቆጠረ አንባቢ አርጩሜው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ጥፋቱ ነው። ጥፋታቸው አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ መናገር ነበር። መምህሩ ይሏቸው የነበረውንም አልረሱትም፤ ነገሩ በእኛ አባባል “እንጀራ የሚበላበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው” እንደማለት ነው።

ይሄ አባባል ከአርጩሜው የባሰ ጎዳ ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም ወላጆች አመኑት። ብዙ የማኦሪ ወላጆች ልጃቸው እንግሊዝኛ እንዲማር ራሳቸው ፈልገዋል። ስሌታቸው ሞኝነት አልነበረም። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ይስጥ፣ ማኦሪኛው ቤት ውስጥ የትም አይሄድም አሉ። በገጠር እያሉ እውነትም ነበር። በ1913 ከማኦሪ ተማሪዎች 90 በመቶው ቋንቋውን ይናገሩ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለፈ፣ ሰው ለሥራ ወደ ከተማ ጎረፈ። መንግሥት ለማኦሪዎች ቤት ሲሰጥ ሆን ብሎ በነጮች መሐል በታትኖ ነበር። ጎረቤት እንግሊዝኛ፣ ሥራ እንግሊዝኛ፣ ሱቅ እንግሊዝኛ። አያት ገጠር ቀረች። በ1953 ቋንቋውን የሚናገሩት ተማሪዎች 26 በመቶ ሆኑ። በ1975 ከ5 በመቶ በታች። አንድ ሰው ዕድሜው ሳያልቅ ያየው ነገር ነው ይሄ። ተማሪ ሳለ ጓደኞቹ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ ሲሸብት የልጅ ልጆቹ አይሰሙትም።

ታዲያ መጀመሪያ የነቃው ማን ነው?

ወጣቶቹ። ያውም አብዛኞቹ ራሳቸው ቋንቋውን በቅጡ የማይናገሩ የከተማ ልጆች። ንጋ ታማቶዋ የሚባል የወጣቶች ቡድንና በዌሊንግተን ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የማኦሪ ቋንቋ ማኅበር ፊርማ አሰባሰቡ። ከበር በር እያንኳኩ። መስከረም 14 ቀን 1972 ከ30,000 በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ ፓርላማ ደረሰ። ከፊት ከነበሩት አንዷ ሃና ቴ ሄማራ ነበሩ። የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ ማኦሪኛ በትምህርት ቤት ይሰጥ። ቀኑ የማኦሪ ቋንቋ ቀን ተባለ። በ1975 ወደ ሳምንት አደገ፤ እስከዛሬ በየዓመቱ ይከበራል።

በዚያው ዘመን ሪቻርድ ቤንተን የሚባሉ ተመራማሪ በሰሜን ደሴት ቤት ለቤት ጥናት አካሄዱ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቤት ውስጥ በማኦሪኛ እያደገ ያለ ልጅ ከስንት አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ቋንቋውም አብሮ ይቀበራል ማለት ነው።

ኮሃንጋ ሬኦ ምንድን ነው?

ቃል በቃል የቋንቋ ጎጆ ማለት ነው፤ የወፍ ጎጆ እንደምንለው። ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ ነው። ከበር ከተገባ በኋላ እንግሊዝኛ የለም። ምግቡ፣ ጨዋታው፣ እንቅልፉ፣ ቁጣው፣ ዘፈኑ ሁሉ በማኦሪኛ ነው።

ሐሳቡ የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተደረጉ የሽማግሌዎች ጉባኤዎች ነው። የመጀመሪያው ጎጆ በ1982 ከዌሊንግተን አጠገብ ባለችው በዋይኑዮማታ ተከፈተ። ስሙ ፑኬአቱዋ ይባላል። ንቅናቄውን ካቆሙት መካከል ኢሪታና ታፊፊራንጊ የሚባሉ ሴት ስማቸው በየቦታው ይነሳል።

እኔን የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ400 በላይ ሆኑ። በ1994 ደግሞ 800 ገደማ ጎጆዎች ነበሩ፣ 14,000 ሕፃናት ይውሉባቸው ነበር። ይሄ በመንግሥት ዕቅድና በጀት የመጣ አይደለም። መንግሥት መነሻ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሰጥቷል፤ የቀረው የቤተሰብ ነው። በማራኤ ተከፈተ፤ ማራኤ ማለት የማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ ግቢና አዳራሽ ነው። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከፈተ። በመኪና ጋራዥ ተከፈተ። እናቶች ተራ ገብተው ያበስላሉ፣ አባቶች አጥር ያጥራሉ፣ አያቶች ከልጆቹ ጋር ይቀመጣሉ።

ለምን አያቶች? የሠለጠነ መምህር አይሻልም?

አልነበረማ! በሙያው የሠለጠነውና ቋንቋውን የሚያውቀው ሰው አንድ አልነበሩም። ዲፕሎማ ያለው ወጣት ማኦሪኛ አይችልም። ማኦሪኛ የምትችለው አሮጊት ዲፕሎማ የላትም። የመረጡት አሮጊቷን ነው።

የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። መሐል ያለው ትውልድ፣ ማለትም ወላጆቹ፣ ቋንቋውን አጥተዋል። ሰንሰለቱ የተበጠሰው እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ አያትን ከልጅ ልጅ በቀጥታ አገናኙ፣ በመሐል የተበጠሰውን ዘለሉት። ደግሞ አያት ስታስተምር ቃል አታስጠናም። “ና ብላ”፣ “አፍንጫህን ጥረግ”፣ “ማን መታህ?” ትላለች። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው እንደዚህ ነው።

ወላጆቹም ነፃ አልወጡም። ጎጆውን የሚያስተዳድረው ቤተሰቡ ነው፤ ስብሰባ አለ፣ ሥራ አለ። የሦስት ዓመት ልጃቸው ቤት መጥቶ የማያውቁትን ቃል ሲናገር ማፈር አለ። ብዙዎቹ በዚያ ሐፍረት ተነሥተው ተማሩ።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ምን ሆነ?

ረሱት። የመጀመሪያዎቹ የጎጆ ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው ተራ ትምህርት ቤት ገቡ። በወራት ውስጥ እንግሊዝኛው ማኦሪኛውን ዋጠው። በእርግጥ ከዚያ በፊት በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበር፤ ለምሳሌ በሩዋቶኪ በ1978 ተጀምሯል። ግን ያ መንደር ቋንቋው ያልሞተበት መንደር ነው። የከተማው ልጅ የት ይሂድ?

ወላጆቹ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1985 በኦክላንድ ምዕራብ፣ በሆአኒ ዋይቲቲ ማራኤ ግቢ የመጀመሪያው ኩራ ካውፓፓ ማኦሪ ተጀመረ። ሙሉ በሙሉ በማኦሪኛ፣ በማኦሪ አስተሳሰብ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በኋላ ሚኒስትር የሆኑት ፒታ ሻርፕልስ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። መንግሥት አላወቀውም፣ አልከፈለውም። በሕግ ዕውቅና ያገኘው በ1989 ነው። ከዚያ ልጆቹ አደጉ፣ ሁለተኛ ደረጃ አስፈለገ፤ ፋሬኩራ መጣ። ከፍተኛ ትምህርቱን ደግሞ ዋናንጋ ይሉታል፤ የኦታኪው ቴ ዋናንጋ ኦ ራውካዋ ከ1981 ጀምሮ አለ። ያቋቋሙት ነገዶች በ1975 ራሳቸው የ25 ዓመት ዕቅድ አውጥተው ነበር የተነሡት።

ልብ በሉ፣ የሄዱት ከታች ወደ ላይ ነው። አንድ ልጅ ባደገ ቁጥር ከራሱ በላይ አንድ ፎቅ ይሠራለታል።

ልጆቹ እንግሊዝኛቸው አይደክምም?

ይሄን የማኦሪ ወላጆችም ጠይቀዋል፤ ያውም ሌሊት ሳይተኙ። መልሱ ባጭሩ አይደክምም ነው። እንግሊዝኛ በኒውዚላንድ አየር ላይ ነው ያለው፤ ማንም ልጅ አያመልጠውም። አብዛኞቹ ኩራዎች ልጆቹ በማኦሪኛ ማንበብና መጻፍ ከጠነከሩ በኋላ፣ ከፍ ባሉት የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች፣ እንግሊዝኛን ለብቻው ይሰጣሉ። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የተማረ ልጅ ሁለተኛው ላይ አይቸገርም።

አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ መቆየት ያስፈልጋል። አንድ ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣ ልጅ ሁለቱንም በግማሽ ይዞ ይወጣል። ከገቡ አይቀር ስድስት ሰባት ዓመት መቆየት እንደሚሻል የቋንቋ ትምህርት ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ።

ሳይንስና ሒሳብ በማኦሪኛ ይቻላል?

ተችሏል። ቃል ፈጠሩለት። ኮምፒውተር “ሮሮሂኮ” ነው። ሮሮ አንጎል ነው። ሂኮ የመብረቅ ብልጭታ ነበር፣ ዛሬ ኤሌክትሪክም ነው። የመብረቅ አንጎል! እኛ ኮምፒውተር ብለን አለፍን እንጂ ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

ነገሩ ግን ያለ ጭቅጭቅ አልሄደም። የድሮ ማኦሪኛ ከእንግሊዝኛ ብዙ ቃል ተውሶ ነበር። በግ “ሂፒ”፣ ፈረስ “ሆይሆ”፣ ሰኞ “ማኔ”። በ1987 የተቋቋመው የቋንቋ ኮሚሽን፣ በመጀመሪያው ኮሚሽነር በቲሞቲ ካሬቱ ዘመን፣ ውሰት ይቅር፣ ከራሳችን እንፍጠር አለ። ሰኞ “ራሂና” ሆነ፤ የጨረቃ ቀን። ልጁ ከኩራ መጥቶ “ራሂና” ይላል። አያቱ ዕድሜዋን ሙሉ “ማኔ” ስትል ኖራለች። ማን ነው ትክክል? አንዳንድ ሽማግሌዎች ይሄ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፣ የእኛን አይመስልም ብለው አዝነዋል። የነገዶች የአነጋገር ልዩነትም እየሳሳ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ቋንቋ ከክፍል ሲወለድ የክፍል ጠረን ይይዛል።

አዋቂ ሰውስ መማር ይችላል?

ይችላል። በዚህ በኩል የምወደው ቴ አታራንጊ የሚባለውን ነው። ካቴሪና ማታይራና ንጎይ ፔፋይራንጊ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በ1979 ጀመሩት። መሣሪያቸው ባለ ቀለም የእንጨት ዘንጎች ናቸው። ዘንጎቹን አንድ ቤልጂጋዊ መምህር ሒሳብ ለማስተማር ነበር የሠራቸው። ካሌብ ጋቴኞ የተባለ ግብፅ የተወለደ ሰው ለቋንቋ ትምህርት አዋላቸው። ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ለማኦሪ ልማድ አስማሙት። አስተማሪዋ ቀዩን ዘንግ አንሥታ ስሙን ትናገራለች። ተማሪው ያነሣል፣ ይናገራል። መጽሐፍ የለም፣ ሰዋስው የለም።

ደንብም አለው። እንግሊዝኛ አይነገርም። ተራ የደረሰው ሰው ሲያስብ ሌላው አይቀድመውም፣ አይመልስለትም። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ቋንቋውን ባለማወቁ ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍር ለኖረ ሰው ዝም ብሎ የሚጠብቀው ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች አብዛኞቹ ቋንቋውን የሚናገሩ ተራ የመንደር ሰዎች እንጂ መምህራን አልነበሩም።

መንግሥት ምን አደረገ?

ዘግይቶ ደረሰ። ደግሞም ተከሶ ነው።

ያቺን ታኦንጋ የምትል ቃል አስታወሳችሁ? በ1985 ሁይራንጊ ዋይኬሬፑሩና የቋንቋ ማኅበራቸው በዋይታንጊ ውል ጉዳይ አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። ቋንቋችን ታኦንጋ ነው፣ በውሉ መሠረት ልትጠብቁት ቃል ገብታችኋል፣ አልጠበቃችሁም አሉ። ሰር ጄምስ የአርጩሜውን ታሪክ የተናገሩት እዚህ ነው። ጉባኤው በ1986 ማኅበሩ ልክ ነው አለ። በ1987 ማኦሪ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ። ፍርድ ቤት ቀርቦ በማኦሪኛ መናገር መብት ሆነ፣ የቋንቋ ኮሚሽኑም ተቋቋመ።

በ2004 የማኦሪ ቴሌቪዥን ስርጭት ጀመረ። በ2016 አዲስ የቋንቋ ሕግ ወጣ፤ ቴ ማታዋይ የሚባል ነገዶቹን የሚወክል አካል ተቋቋመ። ከሕጉ በኋላ መንግሥት ግብ አስቀመጠ፦ በ2040 ቢያንስ መሠረታዊ ማኦሪኛ የሚናገር አንድ ሚሊዮን ሰው፤ ማኦሪኛን ቢያንስ የእንግሊዝኛውን ያህል የሚጠቀሙ 150,000 ማኦሪዎች።

ፖለቲካው ግን ወደፊት ብቻ አይሄድም። ጎጆዎቹ በ1990 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሲዛወሩ እንደ ማንኛውም መዋዕለ ሕፃናት ይለኩ ጀመር። ስንት ዲፕሎማ ያለው አስተማሪ አላችሁ? ይባላሉ። አያቷ በዚህ ሚዛን ቀለለች። የጎጆዎቹም ቁጥር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ወረደ፤ ዛሬ ከ400 በላይ ናቸው። አጣሪ ጉባኤው በ2012 መንግሥት ጎጆዎቹን በተመለከተ ውሉን ጥሷል ብሏል። በ2023 መጨረሻ ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥት ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች ስም እንግሊዝኛው ይቅደም ብሎ ወስኗል።

ታዲያ ቋንቋው ድኗል?

ከአልጋ ተነሥቷል፣ ሐኪም ግን አላሰናበተውም።

በ2023ቱ ቆጠራ ከ213,000 በላይ ሰው ማኦሪኛ እናገራለሁ ብሏል። ከጠቅላላው ሕዝብ ከአራት በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። በ2018 186,000 ገደማ ነበር። ጭማሪው ጥሩ ነው። ቆጠራው የሚጠይቀው ግን ስለ ዕለት ተዕለት ነገር ማውራት ትችላለህ ወይ ብሎ ነው፤ መላሹም ራሱ ሰውየው ነው። መቻልና መጠቀም ደግሞ ይለያያሉ።

አብዛኞቹ የማኦሪ ልጆች ዛሬም በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ቋንቋውንና ትምህርቱን አጣምሮ የያዘ መምህር እንደ ወርቅ ይፈለጋል። በማኦሪኛ ፊዚክስ የሚያስተምር ፈልጎ ማግኘት ቀልድ አይደለም።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከጎጆ የወጣው ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ በምን ቋንቋ ነው የሚያባብለው? በማኦሪኛ ከሆነ ሰንሰለቱ ተቀጥሏል። በእንግሊዝኛ ከሆነ እንደገና ከጎጆ መጀመር ነው። ይሄ እየሆነ ያለባቸው ቤቶች አሉ፤ ሦስተኛው የጎጆ ትውልድ እያደገ ነው። ግን ገና ጥቂት ናቸው። ትምህርት ቤት ተናጋሪ ያፈራል። እናት ቋንቋውን ለልጇ ካላስተላለፈች ግን ትምህርት ቤቱ ለዘላለም ከዜሮ ሲጀምር ይኖራል።

ሆኖም አንድ ሰው ልጥቀስ። በ2023 ሃና ራዊቲ ማይፒ ክላርክ በ21 ዓመቷ ፓርላማ ገባች። ያደገችው በማኦሪኛ ትምህርት ቤት ነው። በ2024 በምክር ቤቱ መሐል ሃካ የሚባለውን የማኦሪ ባህላዊ ጭፈራ ስትጨፍር የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል፤ እርስዎም ስልክ ላይ ሳይደርስዎ አይቀርም። አቤቱታውን ይዘው ፓርላማ የሄዱት ሃና ቴ ሄማራ ዘመዷ ናቸው።

ማኦሪ ያልሆነ ሰው ይማራል?

በብዛት። የማታ ትምህርቶች ወረፋ አላቸው። ግን ስስ ነገር አለበት፤ ቋንቋው ተገርፎ የተወሰደበት ማኦሪ ወረፋ ላይ ቆሞ ነጩ ቀድሞት ሲገባ ደስ አይለውም። በዚህ ላይ በማኦሪዎች መካከልም አንድ ዓይነት አስተያየት የለም።

ሌሎች ሕዝቦች ከዚህ ተምረዋል?

ሃዋይዎች ፈጥነው ቀዱት። በ1984 ፑናና ሌኦ ብለው ጀመሩ፤ እሱም የድምፅ ጎጆ ማለት ነው። በሰሜን ፊንላንድ የኢናሪ ሳሚዎች ቁጥራቸው በመቶዎች ብቻ ነው፤ በ1997 ጎጆ ከፈቱ፣ ልጆች እንደገና መናገር ጀመሩ።

በኢትዮጵያስ እንዲህ ያለ ቋንቋ አለ?

አለ። ጋፋትኛ ከአባይ ማዶ ለማዶ ይነገር ነበር፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። በጭልጋ አካባቢ ቅማንትኛን የሚናገሩት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። እዚያ እንጀራ የሚበላበት ቋንቋ አማርኛ ነበር። የማኦሪን ታሪክ በአማርኛ ስናነብ ይሄንንም ዝም ብለን ባናልፈው ጥሩ ነው።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን ይሠራል?

ከሲልቨር ስፕሪንግም ከፍራንክፈርትም ይሄ ጥያቄ ይመጣል። አማርኛ አደጋ ላይ ያለ ቋንቋ አይደለም፤ በሚሊዮኖች ይነገራል። የአንድ ቤት አማርኛ ግን በአንድ ትውልድ ሊያልቅ ይችላል። በአማርኛ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ወይም እሑድ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር አዳራሽ የሚሰጠው የፊደል ትምህርት ጥሩ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ሀ ሁን ለይቶ “ውሃ ስጠኝ” ማለት የማይችል ልጅ አይቻለሁ። ጎጆው የተነሣው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ውሃውን ይጠይቅ፣ ፊደሉ ይደርሳል። ልጅ ለማየት ከአዲስ አበባ የመጡት እማማ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ብቻቸውን ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ፤ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ነው። አራት አምስት ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ልጆቹን በሳምንት ሁለት ቀን ከእሳቸው ጋር ቢያውል ጎጆ ማለት እሱ ነው። የየአገሩን የሕፃናት ማቆያ ሕግ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

“ኪያ ኦራ” ምን ማለት ነው?

ሰላምታ ነው፤ ቃል በቃል “በሕይወት ኑር”፣ “ጤና ሁን” እንደማለት። የእኛው ጤና ይስጥልኝ ዘመድ። በ1984 በኦክላንድ ናይዳ ግላቪሽ የሚባሉ የስልክ ኦፕሬተር ደዋዮችን “ኪያ ኦራ” እያሉ ይቀበሉ ነበር። አለቃቸው ተይ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ሰላም በይ አላቸው። እምቢ አሉ። ከቦታቸው ተነሡ። አገር ተንጫጫ፤ ሰው ስልክ እየደወለ ኦፕሬተሮቹን “ኪያ ኦራ” ይል ጀመር። ነገሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ማልዱን ድረስ ሄደ፤ እሳቸውም ክፋት የለውም አሉ። ሴትዮዋ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ በኋላም ዓለም አቀፍ ጥሪዎች ክፍል ገቡ። ዛሬ የኒውዚላንድ አየር መንገድ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚሰሙት ያንኑ ሰላምታ ነው።